«ይሄን ድምፅ ከየት አመጣኸው?»

ድሬዳዋ ውስጥ ኪቦርድ የሚጫወቱ ልጆች ሲገናኙ ቶሎ የሚመጣ ጥያቄ አለ። «አቦ፣ ይሄን ድምፅ ከየት አመጣኸው?» ወዲያው ፍላሽ ይወጣል። ከአንዱ ላፕቶፕ ወደ ሌላው ይገለበጣል። ቅዳሜ ሳቢያን ሰርግ ላይ የተሰማው ድምፅ በሳምንቱ ገንደ ቆሬ ይደገማል። ወር ሳይሞላው ሁሉም ጋ ይደርሳል፤ ይሰለቻልም። ከዚያ ሌላ ፍላሽ ፍለጋ ይጀመራል።

«እንዴት ሠራኸው?» የሚል ሰው ግን እምብዛም አይገጥመኝም።

እኔም ለዓመታት እንደዚያው ነበርኩ። በሺህ የሚቆጠር ዝግጁ ድምፅ ነበረኝ። አንዱንም መለወጥ አልችልም ነበር። ዘፋኙ «ትንሽ ለስለስ አድርገው» ሲለኝ የትኛውን ማዞሪያ እንደምነካ አላውቅም። ስለዚህ ሌላ ድምፅ እመርጥለታለሁ። እሱም አይሆንም። ሌላ እመርጣለሁ። የስቱዲዮ ሰዓት እየቆጠረ ግማሽ ሰዓት እንዲህ ያልፋል።

ይህ የስንፍና ጉዳይ አይደለም። ሙዚቃ የተማረ ሰው ኖታ ያስተምራችኋል፣ ጣት ያስተካክላል፣ ቅኝት ያስለያል። ድምፅ የሚፈጥረውን መሣሪያ፣ የሲንተሳይዘርን ሆድ ከፍቶ የሚያሳይ ግን በአካባቢያችን ጥቂት ነው። አሁን ይህን ሥራ ለመሥራት ተብለው የተዘጋጁ ማሠልጠኛ ሶፍትዌሮች አሉ። በአግባቡ ከያዝናቸው የከተማችንን ሙዚቃ ሊለውጡ ይችላሉ ብዬ አምናለሁ። ምን እንደሚያሠለጥኑ የሚገባን ግን መሣሪያው ራሱ ሲገባን ነው።

ሲንተሳይዘር የተቀዳ ክራር አያጫውትም። የኤሌክትሪክ ንዝረት ይፈጥራል፤ ከዚያ ያንን ይቆርጣል፣ ይቀርጻል። ንዝረቱን የሚፈጥረው ክፍል ኦሲሌተር ይባላል። ይህን ለመረዳት ከዚራ ሠፈር፣ ዛፍ ጥላ ሥር የቆመ ባጃጅ ይበቃል። ሞተሩ ቆሞ ሲሠራ ጠ-ጠ-ጠ-ጠ ይላል። እያንዳንዱን ምት ለይታችሁ ትሰማላችሁ። ሾፌሩ ነዳጅ ሲሰጠው ምቶቹ ይጠጋጋሉ። አንድ ቦታ ላይ ሲደርሱ መቁጠር ያቅታችኋል፤ አንድ ወጥ ድምፅ ይሆናሉ። ፍጥነቱ በጨመረ ቁጥር ድምፁ ይቀጥናል። ጆሯችን በሰከንድ ከ20 ምት ገደማ በታች ያለውን ነጥሎ ይሰማል። ከዚያ በላይ ያለውን እንደ ዜማ ድምፅ ይወስደዋል። ኦሲሌተርም የሚሠራው ይህንኑ ነው። በሰከንድ 440 ጊዜ ሲነዝር ሙዚቀኞች መሣሪያቸውን የሚያስተካክሉበት «ላ» ይሆናል። በ880 ያው «ላ» አንድ ኦክታቭ ከፍ ብሎ ይሰማል።

ንዝረቱ ቅርጽም አለው። ሳይን የሚባለው ንጹሕ ነው፤ ፉጨት ይመስላል። ሳው የመጋዝ ጥርስ የመሰለው ሲሆን ሻካራና ብሩህ ነው። 100 ኸርዝ ላይ፣ ማለትም በሰከንድ 100 ንዝረት፣ ሳው ብትጫወቱ በውስጡ 200፣ 300፣ 400 እያሉ የሚቀጥሉ ተደራቢ ድምፆች አሉ። ካሬው ሞገድ ደግሞ 100፣ 300፣ 500 እያለ ጎዶሎ ቁጥሮቹን ብቻ ይይዛል። ባዶ ቱቦ ውስጥ የተነፋ የሚመስለውም ለዚህ ነው።

ቀጥሎ ፊልተር ይመጣል። ጎረቤት ሰርግ ሲኖር ቤታችሁ ሆናችሁ የምትሰሙትን አስቡ። በሩ ተዘግቶ ዱም ዱም የሚለው ቤዝ ብቻ ይመጣል። ዘፋኙ የሚለው አይለይም፤ ጭብጨባውም ታፍኗል። አንድ ሰው በሩን ሲከፍተው ጭብጨባው፣ ጸናጽሉ፣ እልልታው ተግተልትሎ ይገባል። ግድግዳው ቀጫጭኑን ድምፅ አስቀርቶ ወፍራሙን ያሳልፋል። ሎው ፓስ ፊልተርም እንዲሁ ነው። ማዞሪያው በሩ ነው። ስትከፍቱት ይበራል፣ ስትዘጉት ይታፈናል። ለስለስ አድርገው ላለኝ ዘፋኝ ያኔ የሚያስፈልገው ይህን ማዞሪያ ትንሽ ወደ ግራ መመለስ ብቻ ነበር።

ሦስተኛው ኤንቨሎፕ ነው። ድምፁ በጊዜ ውስጥ እንዴት ይነሳል፣ እንዴት ይቆያል፣ እንዴት ይሞታል የሚለውን ይወስናል። ክራር ስትመቱ ድምፁ በቅጽበት ይነሳል። ከዚያ ጊዜ ሳይሰጥ ይወርዳል። ጣታችሁን ክሩ ላይ ብታቆዩም አይጠብቃችሁም። ማሲንቆ ሌላ ነው። ደጋኑ እስከተሳበ ድረስ ድምፁ አለ። አነሳሱም ትንሽ ይዘገያል፤ ጭራው ክሩን እስኪይዝ ድረስ። አንድን የሳው ሞገድ ወስዳችሁ ኤንቨሎፑን ብቻ ብትለውጡ ከክራር ጠባይ ወደ ማሲንቆ ጠባይ ይሻገራል። ይህን መጀመሪያ በጆሮዬ የሰማሁ ቀን ሌሊቱን አልተኛሁም።

ታዲያ ነገሩ ይህን ያህል ግልጽ ከሆነ ለምን ሁላችንም ዝግጁ ድምፅ ላይ ወደቅን?

መልሱ በመሣሪያው ታሪክ ውስጥ አለ። ሮበርት ሙግ ከ1964 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የሠራቸው ሲንተሳይዘሮች በገመድ የሚገናኙ ትልልቅ ሣጥኖች ነበሩ። በ1970 የመጣው ሚኒሙግ ጠረጴዛ ላይ የሚቀመጥ ሆነ። ሦስት ኦሲሌተር ነበረው። ማስታወሻ ግን አልነበረውም። ትናንት የሠራችሁትን ድምፅ ዛሬ ከፈለጋችሁት ማዞሪያዎቹን አንድ በአንድ መመለስ ነው። ስለዚህ የሚጫወተው ሰው ሁሉ ወደደም ጠላም ድምፅ ሠሪ ነበር። በ1978 ፕሮፌት-5 መጣ። 40 ድምፆችን በማስታወሻው ይይዝ ነበር። ለመድረክ ሙዚቀኛ ትልቅ እፎይታ ነበር። ግን ከዚያ ጀምሮ ድምፅ ሳይሠሩ መጫወት ተቻለ።

በ1983 ያማሃ ዲኤክስ7ን ሲያወጣ ነገሩ ሁሉ ተገለበጠ። የዚህ መሣሪያ ድምፅ የሚሠራው በሌላ መንገድ ነው። አንዱ ሞገድ ሌላውን እያናወጠ ነው የሚፈጥረው። መንገዱን ያገኘው የስታንፎርዱ ጆን ቻውኒንግ ነው። ስድስት ሞገድ አመንጪዎች፣ እነሱን የሚያገናኙ 32 ዓይነት አደራደሮች፣ እና ይህን ሁሉ የምታዩበት የሁለት መስመር ትንሽ መስኮት። ማዞሪያ የሚባል የለም ማለት ይቻላል፤ ሁሉም በቁልፍ እየተጫነ ነው። አብዛኛው ሙዚቀኛ ውስጡ መግባቱን ተወው። አብረውት የመጡትን ድምፆች ተጫወተ። የ1980ዎቹ የፈረንጅ ዘፈን ውስጥ ያው የኤሌክትሪክ ፒያኖ ደጋግሞ የሚሰማው ለዚህ ነው።

ወደ እኛ የመጡት ኪቦርዶች በብዛት ከዚያ ወዲህ ያሉት ናቸው። ከከተማችን ታይዋን ገበያ የምንገዛቸውም፣ ዘመድ ከውጭ የሚልካቸውም ድምፁን አዘጋጅተው፣ ምቱን ጨምረው የሚሰጡ ናቸው። ለሰርግ ሥራ ይህ በረከት ነው። በአንድ ምሽት አማርኛ፣ ኦሮምኛ፣ ሶማልኛና ሐረሪ ለሚጫወት ሰው ቁልፍ ተጭኖ መሻገር የግድ ነው። አልነቅፈውም። እኔም እንጀራዬን የበላሁት በዚያ ነው። ግን የኪቦርድ ተጫዋቹ ኃይሉ መርጊያ በ1985 እ.ኤ.አ. አሜሪካ ሆኖ አኮርዲዮኑን ከሲንተሳይዘር ጋር አዋህዶ ያወጣውን ካሴት ስሰማ የሚገርመኝ የጣቱ ፍጥነት አይደለም። ድምፁ የእሱ መሆኑ ነው። ሁለት ሴኮንድ ሰምታችሁ ማን እንደሆነ ታውቃላችሁ። የድሬው ልጅ ዓሊ ቢራም በአፍረን ቀሎ የሙዚቃ ቡድን ጊዜ ከጀመረው ሥራ ጀምሮ እንዲሁ ነበር። መሣሪያው ቢቀያየር ድምፁ የሱ መሆኑን አላጣም።

አሁን ወደ ማሠልጠኛዎቹ። ሲንቶሪያል የሚባለውን ልጥቀስ፤ ለዚሁ ሥራ ተብሎ የተሠራ ነውና። አሠራሩ ቀላል ነው። አጭር ቪዲዮ አንድ ማዞሪያ ምን እንደሚያደርግ ያሳያችኋል። ከዚያ ሶፍትዌሩ አንድ ድምፅ ያሰማችኋል። እንዴት እንደተሠራ ግን ይደብቃችኋል። ከፊታችሁ ባዶ ሲንተሳይዘር አለ። ያንኑ ድምፅ በጆሯችሁ ብቻ መሥራት አለባችሁ። የሱንና የእናንተን እያፈራረቃችሁ ትሰማላችሁ። በቃኝ ስትሉ ታስረክባላችሁ። የትኛው ማዞሪያ ልክ እንደሆነ፣ የትኛው እንደሳተ ያሳያችኋል። መጀመሪያ ላይ የሚከፈትላችሁ ማዞሪያ ጥቂት ነው። እየለመዳችሁ ስትሄዱ ይጨመራል።

ይህ ከዩቲዩብ በምን ይለያል? ዩቲዩብ ላይ ሰውየው ማዞሪያውን 62 ላይ ያደርገዋል፣ እናንተም 62 ላይ ታደርጉታላችሁ። ያው ድምፅ ይወጣል። ደስ ይላል። ግን ሥራውን የሠራው ዓይናችሁ ነው። ነገ ሌላ ዘፈን ውስጥ ያንን ድምፅ ብትሰሙ ከየት እንደምትጀምሩ አታውቁም። በሥልጠናው ግን ስትስቱ ነው የምትማሩት። ፊልተሩ ነው ብላችሁ ስትለፉ ቆይታችሁ ኤንቨሎፑ ሆኖ ሲገኝ፣ ጆሯችሁ ያቺን ልዩነት ዳግመኛ አይረሳትም።

ለእኛ አገር ሰው ይህ አዲስ ነገር አይደለም። በዜማ ቤት ተማሪው መሪጌታው ያለውን ይሰማል፣ መልሶ ይላል፣ ይታረማል። ሳይታረም ወደሚቀጥለው አያልፍም። በቁርአን ቤትም ልጁ ሉሑን ይዞ ይቀራል፤ ዑስታዙ በጆሮው ይከታተላል፤ አንድ ድምፅ ከቦታው ከሳተ ያስቆመዋል። ድሬ ውስጥ ሁለቱም ቤቶች በአንድ ሠፈር አሉ። የዚህ ከተማ ልጅ ሰምቶ መመለስንና መታረምን ከሕፃንነቱ ያውቃል። ሲንተሳይዘር ላይ ስንደርስ ነው የተውነው። አራሚ ስላጣን ይመስለኛል።

ሆኖም እንቅፋት አለ፤ ሳላነሳው ብቀር ማታለል ይሆንብኛል።

የመጀመሪያው ክፍያ ነው። ሐምሌ 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላ 57 ብር አካባቢ የነበረው ዶላር ከ100 ብር በላይ ወጥቷል። አንድ የመቶ ዶላር ሶፍትዌር በአንድ ጊዜ ከአሥር ሺህ ብር በላይ ሆነ ማለት ነው። ገንዘቡ ቢኖር እንኳ በውጭ የሚሠራ ካርድ ማግኘት ሌላ ጉዳይ ነው። ቴሌብር ለሻይም ለባጃጅም ይሠራል፤ ለእነዚህ ግን ብዙውን ጊዜ አይሆንም። ስለዚህ ብዙ ልጅ የተሰረቀ ኮፒ ይጭናል። ከነቫይረሱ። አንድ ልጅ የሁለት ዓመት ቅንብሩን በዚህ ምክንያት ሲያጣ አይቻለሁ። ፊቱን አልረሳውም።

ደግነቱ ያለ ክፍያ ብዙ ርቀት መሄድ ይቻላል። የሙዚቃ ሶፍትዌር ሠሪው ኤብልተን ሲንተሳይዘርን ለማስተማር ያዘጋጀው ነጻ ገጽ በብሮውዘር ይከፈታል፤ ምንም መጫን አያስፈልገውም። ቫይታል የሚባለው የኮምፒውተር ሲንተሳይዘር ነጻ ቅጂ አለው። ሰርጅ ኤክስቲ የሚባለው ሌላው ደግሞ ሙሉ በሙሉ ነጻ ነው። እንግሊዝኛው ከከበዳችሁ አትሸበሩ። ቃሉ አሥራ አምስት አይሞላም። ሻካራ፣ ብሩህ፣ የታፈነ፣ ቀጭን፣ የሚንቀጠቀጥ እያላችሁ በራሳችሁ ቋንቋ ሰይሙት። ጆሮ በየትኛውም ቋንቋ ይማራል።

ሁለተኛው እንቅፋት የድሬ ነው። ሙቀቱ። በግንቦትና በሰኔ 35 ዲግሪ በሚነካ ቀን ያለ ቬንትሌተር መቀመጥ አይቻልም። ቬንትሌተሩ ግን ሽሽሽ ይላል። ያ ሽሽታ ቀጫጭኑን ድምፅ ይሸፍነዋል። እናንተ ሳታውቁት ድምፃችሁን ከሚገባው በላይ ታበሩታላችሁ። ማታ አጥፍታችሁት ስትሰሙ ጆሮ ይበሳል። እኔ ጆሮ የሚሻ ሥራ የምሠራው ጠዋት ከ12 እስከ 2 ሰዓት ባለው ነው። ከቀትር በኋላ፣ ከተማው ሱቁን ዘግቶ ጭር ባለበት ሰዓት፣ ቬንትሌተሩን አጥፍቼ የምታገሠው አሥር ደቂቃ ብቻ ነው። አሥር ደቂቃም ትበቃለች። ለእንዲህ ያለ ሥልጠና በየቀኑ ትንሽ መሥራት በሳምንት አንዴ ብዙ ከመሥራት ይሻላል። መብራት በሄደ ቁጥር ሥራው ለሚቆራረጥበት ሰውም ይህ ይመቸዋል።

ሦስተኛው ጠለቅ ያለ ነው። እነዚህ ማሠልጠኛዎች የተሠሩት ለፈረንጅ ሙዚቃ ጆሮ ነው። የሚያሠሯችሁ ድምፅ የዳንስ ቤት ቤዝ፣ ከጀርባ የሚዘረጋ ሰፊ ፓድ፣ ዜማውን የሚመራ ስለታም ሊድ ነው። ማሲንቆ የለም። ዋሽንት የለም። ጥበቡን ተምራችሁ የራሳችሁን የቤት ሥራ ለራሳችሁ መስጠት ያለባችሁ እዚህ ጋ ነው።

እኔ የጀመርኩት በዋሽንት ነው። ሳይን ወይም ለስላሳ ሞገድ ወሰድኩ። ትንሽ የነፋስ ድምፅ ጨመርኩበት፤ ሲንተሳይዘሮች ላይ ኖይዝ የሚባለውን። ነፋሱ መጀመሪያ ላይ ብቻ ጠንከር እንዲል የራሱን ኤንቨሎፕ ሰጠሁት። ከዚያ ድምፁን በሰከንድ 5 ጊዜ ያህል አንቀጠቀጥኩት። ግን ወዲያው እንዲጀምር አላደረግኩም። ዋሽንት የሚነፋ ሰው ድምፁ ከጸና በኋላ ነው የሚያንቀጠቅጠው። ያቺ ግማሽ ሰከንድ መዘግየት ነች ፕላስቲኩን ሰው ያደረገችው።

ማሲንቆው ከበደኝ። ሳው አለ፣ ዘገየት ብሎ የሚነሳ ኤንቨሎፕ አለ፣ ከአንዱ ድምፅ ወደ ሌላው የሚያንሸራትት ግላይድ አለ። ሁሉንም አደረግኩ። አሁንም ቫዮሊን ነው የሚመስለው። ብዙ ቀን ካዳመጥኩ በኋላ የገባኝ ሁለት ነገር ነው። የማሲንቆ ክር ጭራ ነው፤ ገላው በቆዳ የተለበጠ ሣጥን ነው። ስለዚህ በወፍራሙና በቀጭኑ ድምፅ መሐል ላይ አፍንጫ ውስጥ የሚናገር የሚመስል ጉብታ አለው። ያንን በሌላ ፊልተር መሐሉን ከፍ በማድረግ አመጣሁት። ሁለተኛው መንሸራተቱ ነው። አዝማሪው ሁሌ አይንሸራተትም። መቼ እንደሚንሸራተት የሚወስነው ቃሉ ነው። ይህኛው በማዞሪያ አይመጣም፤ በጣት ነው።

ቅኝቱም አለ። ኪቦርዱ ኦክታቩን 12 እኩል ቦታ ይከፍለዋል። የትዝታን ዶ፣ ሬ፣ ሚ፣ ሶል፣ ላ በዚያ ላይ መጫወት ይቻላል፤ ሁላችንም እናደርገዋለን። የክራር ተጫዋች ግን ክሩን የሚያጠብቀው በጆሮው ነው። የሱ «ሚ» ከኪቦርዱ «ሚ» ትንሽ ዝቅ ወይም ከፍ ሊል ይችላል። ሰርጅ ኤክስቲ ላይ የራሳችሁን ቅኝት ማስገባት ይቻላል፤ እያንዳንዱ ድምፅ የት እንደሚቀመጥ እናንተ ትወስናላችሁ። አንድ አንቺሆዬ የሚጫወት ክራረኛ አጠገባችሁ አስቀምጣችሁ፣ ክር በክር እየሰማችሁ ብታስገቡት ማንም ፍላሽ ላይ የማይገኝ መሣሪያ ይኖራችኋል።

ባለፈው ክረምት ይህን ሥልጠና ያለ ማሠልጠኛ ሶፍትዌር የምንሠራበት ጨዋታ ከአንድ የሳቢያን ልጅ ጋር ጀምረናል። ሁለታችንም ነጻውን ቫይታል ጭነናል። አንዳችን ድምፅ እንሠራለን፤ ቀድተን በቴሌግራም እንልካለን። አሠራሩን አንናገርም። ሌላው በጆሮው ይሠራዋል፣ መልሶ ይልካል። ከዚያ ማዞሪያዎቹን እናወዳድራለን። መጀመሪያ አንድ ኦሲሌተርና አንድ ፊልተር ብቻ ፈቀድን። አሁን ኤንቨሎፕ ጨምረናል። ልጁ ከጀመረ አራት ወር አልሞላውም። ሰርግ ላይ ዘፋኙ «ለስለስ» ሲለው ዘፈኑ ሳይቆም በአንድ እጁ ሲያስተካክል አይቼዋለሁ።

ትናንት ማታ አዲስ ድምፅ ላከልኝ። የቆመ ባጃጅ ይመስላል፤ ቀስ እያለ ወደ በገና ይለወጣል። በገና ላይ በክሩና በድልድዩ መሐል የምትገባው ትንሽ ቆዳ የምታመጣው ያ ነዘርዛራ ድምፅ እንኳ አለ። ከየት እንዳመጣው አልጠየቅኩትም። ዛሬ ጠዋት በ12 ሰዓት ሄድፎኔን አደረግኩ። ሞገዱ ካሬ ነው፤ ይህን አግኝቻለሁ። ነዘርዛራው ጋ ገና አልደረስኩም።